«እጄ እምቢ አለ። እሺ።»፦ በቱሉ ዲምቱ የአንድ ግንበኛ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሚኖሩ አንድ ግንበኛና በቤተሰባቸው ላይ በ14 ወራት ውስጥ የሆነውን ይተርካል። እኔ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የተመለሱ ታካሚዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ የምከታተል ነርስ ነኝ። ታካሚውም ሆኑ ሚስታቸው ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። በቤታቸው ውስጥ እንደምጠራቸው ጋሼና እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሕመሙ ስትሮክ ነው፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ። እንዲህ ያለ ሕመም በየሰፈሩ አለ፤ የሕክምናው ውጤትም የሚያስገርም ነገር የለበትም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚህ ቤት ውስጥ ከሕመሙ እኩል ጉዳት ያደረሰ አንድ እምነት እንደነበረ ዘግይቼ መረዳቴ ነው። እምነቱ «ሰው ከበረታ ሰውነቱ ይታዘዝለታል» የሚል ነው። ታካሚው ያምኑበት ነበር፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያምንበት ነበር፣ እኔም በሙያዬ ስም እያጠናከርኩት ቆይቻለሁ።

ሰውየውና ቤታቸው

ጋሼ ሕመሙ ሲደርስባቸው የ58 ዓመት ሰው ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ድንጋይና ብሎኬት ሲገነቡ፣ ልስን ሲለስኑ ኖረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በከተማዋ ሲስፋፋ በተለያዩ ሳይቶች ሠርተዋል፤ ኋላም ዕጣ ወጥቶላቸው እዚሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ደረሳቸው። አካባቢው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ አፈሩም ክረምት ሲገባ ጫማ ይዞ የሚያስቀር መረሬ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል፤ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ስለማያደርሰው እትዬ ከታች ቀድተው በጀሪካን ያወጣሉ። ከምድር እስከ በራቸው 72 ደረጃ አለ። አንድ ቀን ትንፋሼን ለመሰብሰብ እየቆምኩ ቆጥሬዋለሁ።

ጋሼ ከመታመማቸው በፊት ማታ ማታ የሚደግሙት አንድ ልመና ነበር፤ እትዬ ናቸው የነገሩኝ። «የሰው እጅ ሳታሳየኝ ውሰደኝ» ይሉ ነበር። ይህን ልመና በእናቱ ወይም በአያቱ አፍ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ጥቂት ይመስለኛል። የሚለምነው ሰው ሞትን አልፈራም፤ እንዲያውም ና እያለው ነው። የፈራው በጤናና በሞት መካከል ያለውን ጊዜ ነው፤ ሌላ ሰው የሚያጥበውን፣ የሚያነሣውን፣ የሚያጎርሰውን ጊዜ። ጋሼ የፈሩት በትክክል ይኸው ነበር፤ የደረሰባቸውም ይኸው ሆነ።

ስለ ደም ግፊታቸው ከአራት ዓመት በፊት ያውቁ ነበር። በሚሠሩበት ሳይት አጠገብ በተደረገ ነጻ ምርመራ 170/100 ተለክቶ ክኒን ታዘዘላቸው፤ አንድ ወር ወስደው ተዉት። ምክንያታቸው የብዙ ሰው ምክንያት ነው፦ ምንም አያመኝም። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ደም ግፊት እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም 44 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው እንኳ እንደማያውቁ ይገምታል። ጋሼ ተነግሯቸዋል፤ ነገር ግን ያ ሰውነት በዚያው ሳምንት 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ይወጣ ነበር። እንዲህ የሚታዘዝ ሰውነት ታሟል ቢሉት ማን በቀላሉ ያምናል?

ማክሰኞ ጠዋት

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋሼ ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቃታቸው። እትዬ ከምድጃው ዞር ሲሉ የባላቸው የቀኝ እጅ ጣቶች ቁልፉ ላይ እንዳረፉ ደርቀው ቀርተዋል፤ ጋሼም ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ዝም ብለው ያዩዋቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀኝ ዘመሙ። ጎረቤት ተጠራ፤ «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ተቀባ፣ ተሸተተ። ሁለት ሰዓት በዚህ አለፈ። ከዚያ አራት ወንዶች በብርድ ልብስ ተሸክመው 72ቱን ደረጃ አወረዷቸው። መጀመሪያ የደረሱበት ክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ላካቸው፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሲቲ ስካኑ በግራው የአንጎል ክፍል አንድ የደም ሥር በረጋ ደም መዘጋቱን አሳየ። ግፊታቸው 210/120 ነበር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፤ ስለዚህ ደም ሲቋረጥበት የሚታገሠው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ለጋሼ ግን ሰዓቱም አልፎ ነበር። ይህን የምጽፈው ጎረቤቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ተሸክመው ያወረዷቸው እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የሰው ፊት በአንድ ጎን ሲዘም፣ እጅ በድንገት ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ያየ ሰው ዳማ ከሴውን ትቶ መኪና ይፈልግ።

ከ9 ቀን በኋላ ጋሼ የግፊት ክኒኖች፣ አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ይዘው ቤታቸው ገቡ። የሰውነታቸው ቀኝ ጎን አይንቀሳቀስም፣ ንግግርም የለም። እኔ መሄድ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ለጸሎት የሚፈታ አፍ

በሁለተኛው ሳምንት በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተከሰተ። ጋሼ ውሃ ሲፈልጉ «ውሃ» ማለት አይችሉም፤ ዳቦ ሲፈልጉ «ብሎኬት» ይላሉ፣ ስህተቱን ራሳቸው ይሰሙትና ፊታቸው ይቀላል። የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው «አባታችን ሆይ» ብለው ሲጀምሩ ግን ጋሼ ጸሎቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አብረው አደረሱ። እትዬ እልል አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጸሎቱ አልቆ ጋሼ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ እንደገና «ብሎኬት» አሉ።

ደስታው በሁለት ቀን ውስጥ ወደ መራራ ነገር ተለወጠ። እትዬ ወጥ ቤት ጠርተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ልጄ፣ ለጸሎት የሚፈታ አፍ ለእኔ ሲሆን ለምን ይታሰራል? ተቀይሞኝ ነው?» አሉኝ። በሥራዬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች እንደዚህ ልቤን የነካው ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከሚል አንድ ድምፅ በቀር መናገር ያልቻለ ሰው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው ክፍል ፊት ለፊት አገኘው፤ ንግግር በአንጎል ውስጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው በሰፊው መታመን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ሌላ ነገር አስተዋለ፦ ቃል የጠፋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የደጋገሙትን፣ ጸሎትን፣ ቁጥርን፣ መሐላን ሊሉ ይችላሉ። አዲስ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር አንድ ነገር ነው፤ ለሃምሳ ዓመት በቃል የተያዘ ጸሎት ግን በሌላ መንገድ ይወጣል። ይህን ለእትዬ በቀላሉ አስረዳኋቸው፤ ጋሼ ከአንድ እስከ አሥር እንዲቆጥሩም አደረግሁ፣ ቆጠሩ። «ሦስትን ብቻ ይበሉልኝ» ስላቸው አልቻሉም። እትዬ ይህን በዓይናቸው አይተው ቁጭ አሉና አለቀሱ። ባላቸው እንዳልተቀየሟቸው ያመኑት ያን ጊዜ ነው።

የጋሼ የራሳቸው ልቅሶም ሌላ ችግር አመጣ። እንግዳ ገብቶ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ብቻ ሳግ ይይዛቸውና ይንሰቀሰቃሉ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ያቆማሉ። ጠያቂው ተስፋ መቁረጥ መስሎት ይሸሻል፤ አንዳንዱ እንዳላስለቅሳቸው ብሎ መምጣቱን ተወ። ከስትሮክ በኋላ ለቅሶና ሳቅን የሚገታው የአንጎል ሥርዓት ሲጎዳ ሰው ሳያዝን ሊያለቅስ፣ ሳይደሰትም ሊስቅ ይችላል። ከስትሮክ ከተረፉት ከሦስቱ አንዱን ያህል የሚይዘው ድብርት ከዚህ የተለየ ሕመም ነው፤ ጋሼ ኋላ ላይ እርሱም አግኝቷቸዋል። የዚያ ሰሞኑ እንባ ግን ልክ እንደ እጃቸው ያልታዘዛቸው ነገር ነበር። እትዬ መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት፦ ዓይን ዓይናቸውን አለማየትና ወሬውን ወደ ሌላ ነገር ማዞር።

«ይበርቱ»

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታቸው «ሕመሙ ራሱ ጾም ነው» ብለው ጾሙን ፈቱላቸው፤ ክኒኑንም እንዳያቋርጡ አዘዟቸው። ጋሼ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸውን ገጥመው ይቆዩ ነበር፤ የጠዋቱን ክኒን እትዬ ከንፈራቸው ላይ ሲያደርጉት በምላሳቸው ይገፉታል። ይህ እልህ ሁላችንንም ቢያስጨንቀንም ውስጥ ውስጡን እናደንቀው ነበር። «ጠንካራ ሰው እኮ ነው» ይባላል። እኔም ልምምዱን ሳሠራቸው «ይበርቱ» እላለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሳልለው አልቀርም።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጋሼ ምርኩዝ ይዘው ክፍሉ ውስጥ 20 እርምጃ ያህል መሄድ ቻሉ። ከስትሮክ በኋላ የሚመለሰው ኃይል በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፈጥኖ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ይዘገያል፤ ይህን እያወቅሁ ከመጠን በላይ ደስ አለኝ። አርብ ዕለት ስወጣ «ከበረቱ በሚቀጥለው ወር ደረጃውን ይወርዱታል» አልኳቸው።

እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ውሃ መጣና እትዬ ጀሪካናቸውን ይዘው ወረዱ። ጋሼ ጋቢያቸውን በአንድ እጃቸው ደረብ አድርገው፣ በሩን ከፍተው ለብቻቸው ወጡ፤ ኪዳን ሊያደርሱ ነበር። በ14ኛው ደረጃ ላይ ቀኝ እግራቸው ተጠለፈ። የአንጎል ትእዛዝ የማይደርሰው እግር ጣቱ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ደረጃ ሲወርድ ጠርዙን ይመታል። እትዬ ሁለት ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ባላቸውን ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርሱ በጎናቸው ወድቀው፣ ደም ዓይናቸውን ሸፍኖት አገኟቸው። አጥንት አልተሰበረም፤ ግንባራቸው አምስት ቦታ ተሰፋ።

ሰኞ ስሄድ ጋሼ ፋሻቸውን አስረው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አዩኝ። ግራ እጃቸውን አንሥተው ደረታቸውን ነኩና አንድ ቃል አሉ፦ «ሰነፍ።»

በዚያ ወቅት አጥርተው ሊሏቸው ከሚችሏቸው አሥር የማይሞሉ ቃላት አንዱ ይህ ሆነ። ያ ቃል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከበረቱ ይወርዳሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ካልወረዱ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እርሳቸው ደመደሙት። ከዚያ ቀን በኋላ ቀኝ እጃቸውን በግራ ቡጢያቸው ሲመቱት ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እትዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተዋል።

«ይበርቱ» ስለምትለው ቃሌ ብዙ አስቤያለሁ። ለታመመ ሰው የምንላቸው ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። «አይዞዎት» ከታማሚው ምንም አይጠይቅም፤ አለሁ ማለት ነው። «ይማርዎት» እና «ጤና ይስጥልኝ» ደግሞ ነገሩን ወደ ሰጪው ይመልሱታል፤ ጤና የሚሰጥ እንጂ በእጅ የሚያዝ አለመሆኑን በቀን አሥር ጊዜ፣ ለመንገደኛም ለባለሱቅም፣ ሰላምታ እያልን እንመሰክራለን። «ይበርቱ» ግን ትእዛዝ ነው፤ የተቀበለው ሰው ሳይሆንለት ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። ቃሉ ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም፤ ለተጎዳ አንጎል ሲነገር ግን ግፍ ነው።

ልምምድ ጥቅም የለውም ማለቴ እንዳይመስል። ተደጋግሞ የሚሠራ እንቅስቃሴ ጤነኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ በከፊል እንዲረከብ ያግዛል፤ ጋሼ 20 እርምጃ የሄዱት በዚያ ነው። ሆኖም የሚመለሰው መጠን ከሰውየው ልብ ይልቅ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታና በስፋቱ ይወሰናል። ስለ ክኒኑም እንደዚሁ ነው። ሳያቋርጡ ቢወስዱት ኖሮ አደጋው በእጅጉ ይቀንስ ነበር፤ ይህ እውነት ስለሆነ አልሸሸግኋቸውም። ነገር ግን በሥርዓት እየወሰዱ የሚመታቸው አሉ፤ ምንም ሳይወስዱ ሰማንያ ዓመት የሚደፍኑም አሉ። ሥጋ ለባሽ ሊጠነቀቅ ይችላል፤ ሰውነቱን ሊያዝዝበት ግን አይችልም። እትዬ ጨው ባላበዛበት ኖሮ እያሉ ራሳቸውን ለወራት ሲከሱ የሰማሁት ይህን ልዩነት የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ረዳት

ከውድቀቱ በኋላ ጋሼ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት አቆሙ። ማንም አላስተዋለም። ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ፦ ሌሊት ሽንት ሲመጣባቸው እትዬን ላለመቀስቀስ፣ አልጋም ላለማርጠብ ነበር። ሐምሌ ላይ ሙቀታቸው 39 ደርሶ ይቃዡ ጀመር፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የውሃ እጥረት ሆኖ ተገኘና ለ5 ቀን ተኙ። የሰው እጅ ላለማየት የተደረገው ጥረት ለአምስት ቀን በብዙ ሰው እጅ ላይ ጣላቸው።

ሲመለሱ እትዬ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠው፣ ጠርዙን በሻማ አለስልሰው የሽንት መቀበያ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ሌሊት ሲያቀርቡላቸው ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ በማግስቱ እንደነገሩኝ፣ ፕላስቲኩን እንደያዙ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረዳት ብሎኬት ሲያቀብልህ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካልህ አልነበረም? ያለ ረዳት አንድ ግድግዳ አቁመህ ታውቃለህ? ታዲያ እኔ ባቀብልህ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» አሏቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አልዞሩም፤ ከዚያ ዞሩ።

እኔ በስድስት ወር ልምምድ ያላደረግሁትን እትዬ በአንድ ሌሊት አደረጉት ብል ማጋነን አይሆንም። የግንበኛ ሥራ በባሕሪው የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ግንበኛው ውሃ ልኩንና ቱንቢውን ይጠብቃል፣ ከታች የሚያቀብለው ከሌለ ግን እጁን ዘርግቶ ይቀራል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ እያዩ ኖረዋል። እስከዚያች ሌሊት ድረስ በዚህ ስም አልጠሩትም ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ የደረጃው ጉዳይ ተነሣ። የሾፌርነት ሥራ ያለው ልጃቸው አራተኛ ፎቁን አከራይተው በዚያው ሕንፃ ምድር ላይ ያለች ስቱዲዮ እንዲከራዩ ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ ስድስት ሳምንት እምቢ አሉ። ከዓመታት ጥበቃ በኋላ በዕጣ ያገኙትን የገዛ ቤት ለቆ የሰው ቤት መከራየት ለእርሳቸው ሁለተኛ መመታት ነበር፤ እምቢታቸውን ማንም ሊንቀው አይገባም። የእድሩ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አልተከራከሯቸውም፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ። በሦስተኛው ጊዜ ጋሼ ራሳቸው በግራ እጃቸው ወደ ወለሉ ጠቆሙ። ጥቅምት 2016 ላይ የእድሩ ሰዎች አልጋውን፣ ሳጥኑንና ጋሼን አወረዱ። በማግስቱ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ከሆስፒታል ጉዞ ውጪ ደጅ የወጡበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። አላፊው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ ጋሼ ይንሰቀሰቃሉ፣ አላፊውም እትዬ እንዳስተማሩት ስለ ውሃው ወይም ስለ ነፋሱ ያወራል።

ኅዳር ላይ ተጨብጦ የደረቀውን ቀኝ እጃቸውን አንድ በአንድ ጣቱን እያላቀቅሁ ሳሠራ ጋሼ እጃቸውን ትኩር ብለው አዩትና «እጄ እምቢ አለ» አሉ። ከታመሙ ወዲህ ከጸሎት በቀር ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥቂት ቆዩና «እሺ» አሉ።

ያን «እሺ» በቅርብ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ደስታ አልነበረበትም፤ የተስፋ ቆራጭ ሰው ድምፅም አልነበረም። ግንበኛ ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ ለዚህ ማዕዘን እንደማይሆን ሲያውቅ ወደ ጎን እንደሚያደርገው ነበር። ምርኩዛቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው መሄድ እንደሚፈልጉ አሳዩኝ፤ እስከ ሕንፃው ጥግ ደርሰን ተመለስን። ከዚያ ቀን በኋላ ድብርቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ዝም የሚሉባቸው፣ ምግብ የሚመልሱባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ሐኪሙም መድኃኒት ጨምሮላቸዋል። ሆኖም እጃቸውን መምታት አቁመዋል። ክኒኑንም ቀድሞ በወር አምስት ስድስት ቀን ይዘሉት ነበር፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ማሸጊያውን ስቆጥር አንድም አልጎደለም። ግፊታቸው 132/84 ሆኗል። ክኒን መዋጥ ደካማ ነኝ ብሎ መፈረም ይመስላቸው የነበረ ይመስለኛል፤ ከፈረሙ በኋላ ግን መዋጡ አልከበዳቸውም።

መጋቢት 2016 ላይ የክትትሌ ጊዜ አበቃ። የሄድኩት ማለዳ ስለነበር ብርድ ነበር፤ ጋሼ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ብርድ አይሰማውም፤ ጭናቸው ላይ ገርጥቶ ተቀምጧል። ጋሼ አዩትና በግራ እጃቸው የጋቢውን ጫፍ ስበው፣ ክንዱን ከክርን እስከ ጣት ሸፈኑለት።

መሣሪያዬን ልሰበስብ ስል የእትዬን ግፊት በ14 ወር ውስጥ አንድም ቀን አለመለካቴ ትዝ አለኝ። ውሃ የሚሸከሙ፣ ሰው የሚያነሡ፣ ሌሊት የሚነቁ ሴት ናቸው፤ ጤነኛዋ እርሳቸው ስለነበሩ ማንም አላሰበውም። 164/102 ሆነ። አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነበር። ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ እዚያም በተለያየ ቀን ተለክቶ ተረጋገጠና ክኒን ታዘዘላቸው። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ጎራ ስል ማሸጊያውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀምጠዋል። «እኔም?» አሉኝ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ማሸጊያውን አገላበጡትና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብለው ጠየቁ። ምግብ እንደማያግደው፣ ጠዋት ከጋሼ ክኒን ጋር ቢወስዱት እንደሚሻል ነገርኳቸው። ጋሼ ከፊታቸው የነበረውን የውሃ ብርጭቆ በግራ እጃቸው ወደ እርሳቸው ገፉላቸው።